ወደ ውጭ የታጠፈው ቅጠል

ግራኝነት በደም ይወረሳል እንዴ?

ከሦስት ሳምንት ወዲህ ልቤን የሚበላኝ ጥያቄ ይኸው ነው፤ መልስ የሚሰጠኝም አላገኘሁም። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ታማራይ ሩዙንም፣ ብስኩቱንም፣ እርሳሱንም፣ የድመቷን ጭራም የምትይዘው በግራ እጇ ነው። እኔ ቀስ ብዬ ወደ ቀኟ አዛውርላታለሁ፤ እሷ ቀስ ብላ ወደ ግራዋ ትመልሰዋለች። እንዲህ ስንመላለስ ስንት ሩዝ መሬት እንደቀረ ጉንዳኖቹ ያውቃሉ፤ ዘንድሮ ወፍረዋል።

«እማማ፣ ይተዉአት» ትለኛለች ምራቴ ሬኑካ። «ሐኪሙ ምንም ችግር የለውም ብሏል።»

«ሐኪሙ የሚበላው በማንኪያ ነዋ።»

«ታዲያ እሷም በማንኪያ ትብላ።»

በማንኪያ! ሠርግ ቤት የሙዝ ቅጠል ፊቷ ተዘርግቶ፣ ወዲህና ወዲያ ሰው ተደርድሮ፣ የእኔ የልጅ ልጅ ከቦርሳዋ ማንኪያ መዝዛ ልታወጣ! ሬኑካ ከተማ ያደገች ናት፤ ለእሷ ግራ እጅ ማለት ሰዓት የሚታሰርበት ነው። እኛ ስናድግ ግን የዚያ እጅ ሥራው የታወቀ ነበር፤ ጧት ጓሮ ይዘውት ይሄዳሉ፣ ከዚያ ወዲያ በጨዋ ሰው ፊት ብቅ አይልም። እህሉ፣ ጸሎቱ፣ ሰላምታው የቀኝ ነው። ፈጣሪ ሁለት እጅ የሰጠን አንደኛውን እንድናፍርበት ይመስለኛል።

ነገሩ የእጅ ብቻ ቢሆን እኔም ዝም ባልኩ። በዚህ እጅ ሰበብ ግን ከቤታችን ሰው ወጥቷል። ስሟ ቫዲቩ ነው፤ የአባቴ ታናሽ እህት። እናቴ እኔን በወለደች በሳምንቷ ስላረፈች ያጠባችኝ ፍየል ናት፤ ያሳደገችኝ ደግሞ ቫዲቩ። ሰው ሲያጫውተኝ «እናትሽን ትመስያለሽ» ይላል፤ እኔ የማውቀው አክስቴን ነው።

ያን ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነው። የአባቴ ስም ፒቻያ ነው፤ በቲሩኔልቬሊ ከተማ ጸሐፊ ነበር። የተከበረ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ቁጣው ግን አድራሻ የማያውቅ ሰው። ለእራት በተቀመጥን ቁጥር በእኔ ላይ ይጮሃል።

«ኡላጋ! ምግብ የሚነካው የትኛው እጅ ነው?»

«ቀኙ።»

«ጮክ በይ!»

«ቀኙ!»

«ሩዙስ እስከ የት ድረስ ጣትሽን ይነካል?»

«እስከ ሁለተኛው አንጓ!»

«ሌላኛው እጅስ?»

«ጭኔ ላይ ይቀመጣል!»

እኔ ታዲያ በሕይወቴ ግራኝ ሆኜ አላውቅም። በቀኜ እየበላሁ፣ በቀኜ እየጻፍኩ፣ በቀኜ አፍንጫዬን እየጎረጎርኩ ይህ ሁሉ ጩኸት ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። በጣም የምወደድ ልጅ ስለሆንኩ ለጠባዬ የተጨነቀ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ዓይኑ እኔ ላይ ነበር፤ አንገቱ ግን ወደ ማድ ቤት ዞሯል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ ዳውላዋ እኔ ነበርኩ። እህቱን ፊት ለፊት አይናገራትም። የቤቱን ወጥ የምትሠራን ሴት የሚቆጣ ሰው ለሳምንት ጨው ይበዛበታል።

ቫዲቩ ግራኝ ነበረች። አምስት ዓመት ሲሞላት አያቴ ግራ እጇን ከወገቧ ጋር በጨርቅ አስሮ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ አኖራት። ተሳካ ብለው ፈቱላት። እውነትም ተሳክቶ ነበር፤ በሰው ፊት ከእሷ የተሻለ በቀኙ የሚበላ አልነበረም። የማድ ቤቱ በር ሲዘጋ ግን ሽንኩርቱ የሚከተፈው፣ የወፍጮው ድንጋይ የሚዞረው በሌላኛው ነው። እኔ አይቼ አልናገርም። ሌሎች ግን ተናገሩ፤ እስከ ሃያ ስድስት ዓመቷ ድረስ ሁለት ጊዜ ሊያጯት መጥተው ሁለት ጊዜ ተመለሱ። ሁለተኛዎቹ የፍሬውን ሳህን በየትኛው እጇ እንደዘረጋችላቸው አይተው ሳይጨርሱት ተነሱ።

አንድ ቀን የትዳር ደላላው በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ከአባቴ ጋር ሲንሾካሾክ ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁ።

«እነዚህም ሰምተዋል ማለት ነው?» አለ አባቴ።

«ያልሰማ ማን አለ፣ ጌታዬ! ግን ደግ ሰዎች ናቸው። ስትበላ ማየት እንፈልጋለን ነው የሚሉት፤ ሌላ ነገር የለም።»

«ቤት ይምጡና ትብላላቸዋ።»

«ቤትማ ተጠንቅቃ ትጠብቃቸዋለች! ማዱራይ መንገድ ላይ፣ አውቶቡሱ ለምሳ የሚቆምበት የሶርናም ምግብ ቤት። እናንተም ተጓዥ፣ እነሱም ተጓዥ። እንዳጋጣሚ።»

በማግስቱ አባቴ ጠራኝና «ማዱራይ ሄደን የቤተ መቅደሱን ዝሆን እናያለን» አለኝ። እኔም ሁለቱን ወሬ አንድ ላይ ሰፋኋቸው። የቤተ መቅደሱ ዝሆን ሴት ናት፤ ስትበላ ማየት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፤ እኔም እፈልጋለሁ። ለቫዲቩ አረንጓዴ ሐር ሲገዛላት፣ ጎረቤት መጥታ ጸጉሯን በአበባ ስትጎነጉንላት፣ ሁሉም ለዝሆኗ ክብር ነበር። ለአንዲት ዝሆን ይህን ያህል መሽቀርቀር የበዛ ነው ብዬ አስቤአለሁ፤ ግን የትልቅ ሰው ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

አውቶቡሱ ውስጥ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ጋገረን። አባቴ ሸሚዙ እንዳይጨማደድ ጀርባውን ሳያስደግፍ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ቫዲቩ አጠገቧ ባለው መስኮት ወደ ውጭ እያየች የጥጡን ማሳ ቆጠረች መሰለኝ። ልንወርድ ስንል አባቴ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ኡላጋ፣ ስንበላ የአክስትሽን እጅ ያዢ። ግራዋን። እንዳትጠፊ።»

«ስበላም?»

«ስትበዪም። በተለይ ስትበዪ።»

ቁጭ ብሎ እየበላ የጠፋ ልጅ እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም። ያኔ ግን በዓለም ላይ እንደኔ የሚፈራላት ልጅ እንደሌለች አመንኩና ኮራሁ።

የሶርናም ምግብ ቤት ምግብ ቤት ለመባል የሚያበቃው አንድ ነገር ነበረው፤ ምግቡ። ጣሪያው የዘንባባ ቅጠል፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ፣ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ። ትይዩ በተደረደሩ ሁለት ጠባብ ጠረጴዛዎች ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ሹፌሩም፣ ነጋዴውም፣ ወደ ቤተ መቅደስ የሚሄደውም። ሶርናም ራሷ ባሏ የሞተባት፣ ክንደ ወፍራም፣ ድምፅዋ ከአውቶቡሱ ጥሩምባ የሚበልጥ ሴት ነበረች።

«ግቡ፣ ግቡ! ሩዙ ሳያልቅ ግቡ! ኋላ ከጎማ በቀር የሚበላ የለም! አንተ ሹፌር፣ ሁለተኛ ቅጠል? ሆድህ ነው ወይስ የዕቃ መጫኛ?»

ቅጠሉ ተዘረጋ፤ ውሃ ረጨንበት፤ ጨው ጥግ ላይ፣ ከዚያ የኮመጠጠ ማንጎ፣ ሁለት ዓይነት አትክልት፣ መሐል ላይ የሚጨስ ሩዝ ተቆለለ። ሶርናም ከባልዲ በጭልፋ የምስሩን ወጥ አፈሰሰችበት። እኔ ከቫዲቩ በስተግራ ተቀምጬ ግራ እጄን በሆዴ ላይ አሻግሬ ግራ እጇን ጨበጥኩ። እጇ በረዶ ነበር።

ልክ ያኔ ነው ትይዩ ካለው ጠረጴዛ አባቴ ሰዎች «ያየው»።

«እንዴ! እናንተም በዚህ መንገድ? እንዴት ያለ አጋጣሚ ነው!»

አባቴ ተዋናይ ቢሆን ኖሮ ቤተሰቡ በረሃብ ያልቅ ነበር። ከወንበሩ የተነሳው «እንዴ» ከማለቱ በፊት ነው። ትይዩ የተቀመጡት አፍንጫዋ ላይ የሚያብረቀርቅ ጌጥ ያደረገች ደረቅ አሮጊትና ልጇ ነበሩ። ልጅ ስላልኩ ልጅ እንዳይመስላችሁ፤ ኩትራሊንጋም የሚባል አርባ ዓመት ያለፈው፣ ከጆሮው በላይ ያለውን ጸጉር አሳድጎ በራውን ያለበሰበት፣ ሚስቱ የሞተችበት የጨርቅ ነጋዴ ነው። ቅጠሉ ላይ ከተደፋ ወዲህ ቀና ለማለት የሚበቃ ጊዜ አላገኘም።

አሮጊቷ አልበላችም። አየች። የቫዲቩን ጣቶች ሐኪም ቁስል እንደሚያይ አየቻቸው። ቫዲቩ ሩዙን በአራት ጣት ጫፍ ሰብስባ፣ በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ፣ አንዲት ፍሬ ሳትጥል ትጎርሳለች። መዳፏ ደረቅ ነው።

«ጥሩ ነው» አለች አሮጊቷ ለአባቴ፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው። «እስቲ ደግሞ ራሳሙን ትብላ።»

ራሳም ማለት እንደ ውሃ የቀጠነ የሚኮመጥጥ መረቅ ነው። ሩዝ ላይ ሲፈስ ቅጠሉን ሁሉ ይሮጣል፤ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ሁለተኛ እጅ ሳይታሰብ ቅጠሉን ሊያቃና ብድግ ይላል። አሮጊቷ ሞኝ አልነበረችም። ሶርናም አፈሰሰች፤ ራሳሙ ሮጠ፤ በእጄ ውስጥ ያለው እጅ ደንገጥ አለና ረጋ። ቫዲቩ በሩዙ ግድብ ሠርታ አንዲት ጠብታ ሳታስወጣ በላችው።

በዚያው ጊዜ ትይዩ ያለው ሰውዬ ሩዙን በሙሉ መዳፉ እየዛቀ፣ ራሳሙን በቡጢ እየጨመቀ፣ በክርኑ የሚወርደውን በምላሱ እየተከተለ ነበር። የእሱን እጅ የመረመረ ሰው አልነበረም። ሁለተኛውን አንጓ በኩርኩም የተማርኩት እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አባዬ፣ እኚህ ሰውዬ ለምን እስከ ክርናቸው ይበላሉ?»

አባቴ ጆሮዬን ቆነጠጠ። የቫዲቩ እጅ በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ እንባ አዝሏል። አክስቴን አስለቀስኳት ብዬ አዘንኩ። ሳቋን እንደዚያ አድርጋ የምታፍን ሴት በሕይወቴ አላየሁም፤ ግን ይህ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

አሮጊቷ ከዚያ ወዲያ ፊቷ ተፈታና ከአባቴ ጋር በጠረጴዛዎቹ መሐል አንገቷን አስግጋ ማውራት ጀመረች።

«እኛ ብዙ አንጠይቅም። ሦስቱ ልጆቹ እናት ይሻሉ። የእኔም እናት አልጋ ላይ ናቸው፤ የሚያገላብጣቸው ይሻሉ። ሱቁም ሰው ይሻል። ከዚህ ሌላ ምንም።»

«ትችላለች» አለ አባቴ። «ሁሉን ትችላለች።»

«ልጅቷ ግን ከእናንተ ጋር ትቀራለች። የሌላ ሰው አፍ አንጨምርም።»

«እሷማ ትቀራለች» አለ አባቴ።

ልጅቷ እኔ መሆኔን አወቅሁ። ወደ ዝሆኗ እንደማይወስዱኝ ገባኝ። አረንጓዴ ሐር የለበሰችው ልትሄድ፣ ያቺ አሮጊት ልትሄድ፣ ያ ክርኑን የሚልሰው ሰውዬ እንኳ ሄዶ ዝሆን ሲያይ እኔ ልቀር! ድምፄን ለቅቄ አለቀስኩ። ቫዲቩ ጣቶቼን አጥንቴ እስኪንቋቋ ጨመቀቻቸው። ከዚያ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ያልለቀቅኩትን እጅ፣ ቀስ ብላ ከእጄ ፈልቅቃ ወሰደችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ቅጠል ላይ በልቶ የጠገበ ሰው ላይኛውን ግማሽ ወደ ራሱ ያጥፈዋል፤ ጥሩ ነበር፣ እንደገና ያገናኘን ማለቱ ነው። ሐዘን ቤት ግን ታችኛውን ይዞ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ እንዲህ ያለ ማዕድ አይድገመን ለማለት። ይህን በእኛ አገር የማያውቅ የለም፤ ሕፃን ካልሆነ በቀር። እኔም ቅጠል ማጠፍ የተማርኩት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አያቴ ሲሞት ነበር።

የቫዲቩ ግራ እጅ ከጠረጴዛው በታች ወጣ፤ ቅጠሏን ወደ ውጭ አጠፈ፤ ተመልሶ ገባ። እባብ እንኳ እንደዚያ አይፈጥንም። አሮጊቷ ከአባቴ ጋር የሠርግ ቀን ትቆጥር ነበር።

«አንቺም እጠፊ» አለችኝ በሹክሹክታ። «እንደ አያትሽ ጊዜ።»

አጠፍኩ። አልታጠፍ ብሎኝ ሁለቴ ተመለሰ፤ በሦስተኛው ያዘልኝ። ከዚያ እጃችንን ልንታጠብ ወደ ጓሮ ሄድን። ሶርናም ባልዲዋን ይዛ ተከተለችን።

«እጅሽ ፈጣን ነው» አለቻት ለቫዲቩ።

«የትኛው?»

«ያየሁት።»

ቫዲቩ ከቧንቧው ፈቀቅ አለች።

«ጓዳዬ ይሞቃል» አለች ሶርናም ባልዲዋን እየሞላች። «እሳት እንጂ አማት የለበትም። እዚያ ውስጥ ደግሞ ግራና ቀኝ የሚቆጥር ሰው አይገባም።»

ስለ ሙቀት የሚያወሩ መሰለኝ። እውነትም ይሞቅ ነበር።

ስንመለስ አሮጊቷ ቆማ በጣቷ ወደ ጠረጴዛችን እያመለከተች ነበር። የሚበላው ሁሉ እጁን አፉ ላይ እንደያዘ ቀርቷል።

«ይህን ማን ነው ያጠፈው? በእጮኝነት ማዕድ ላይ የሐዘን ቅጠል ማን ነው ያጠፈው?»

የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። ቫዲቩን አየ። ቫዲቩ ደግሞ እኔን አየችኝ፤ በእርጋታ፣ የአንበጣ ክንፍ የሚያክል እንኳ ሳትንቀጠቀጥ እንዲህ አለች፦

«ልጅቷ ናት። የእኔንም የራሷንም። ባለፈው ዓመት አባታችን ሲሞት ያየችውን ነው።»

አፌን ከፈትኩ። እኔ አይደለሁም ልል ነበር። ግን የራሴን አጥፌአለሁ፤ እውነት ነው። የእሷንስ? አክስቴ ዋሽታ አታውቅም። እንግዲያው አጥፌዋለሁ ማለት ነው።

አሮጊቷ እጇን ደረቷ ላይ ጣለች።

«ልጅ? ልጅማ ከሆነ አበቃ። የልጅ እጅ የራሱ አይደለም፤ የላይኛው ነው የሚያንቀሳቅሰው። ተነስ ኩትራሊንጋም!»

«እማዬ፣ አሬራው ገና…»

«ተነስ አልኩህ!»

አሬራውን ቆሞ ጨለጠና ተነሳ። አባቴ እስከ መንገዱ ድረስ እየለመነ ተከተላቸው፤ ከዚያ ተመልሶ መሐል አናቴ ላይ አንድ ኩርኩም አሳረፈብኝ፤ ዛሬም ዝናብ ሊጥል ሲል የሚያመኝ ይመስለኛል። ወደ ማዱራይ የሚሄደው አውቶቡስ ያለ እኛ ሄደ። ዝሆኗን አላየኋትም። በመመለሻው አውቶቡስ ተሳፍረን ቤት ስንደርስ ሁለቱንም ቅጠል በገዛ እጄ ማጠፌን በደንብ አስታውስ ነበር፤ የቅጠሉን እርጥበት ሳይቀር።

አክስቴን ከትዳር ያስቀረሁ እኔ ነኝ ብዬ አሥራ ሰባት ዓመት ኖርኩ።

ሃያ አራት ዓመት ሆኖኝ፣ አግብቼ፣ የሬኑካን ባል ጡት እያጠባሁ፣ በዚያው መንገድ ወደ ማዱራይ ስንሄድ አውቶቡሱ ለምሳ ሶርናም ቤት ቆመ። ለልጁ ለብ ያለ ውሃ ልለምን ወደ ጓዳ ዘለቅሁ። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ የወፍጮውን ድንጋይ ታዞራለች። በግራ እጇ። ዞራ አየችኝ፤ ጸጉሯ ሸብቷል።

«ኡላጋ፣ አሁንም እጄን ልትይዢ መጣሽ?»

እግሯ ላይ ወደቅሁ። «አክስቴ፣ ያን ጊዜ ቅጠልሽን ያጠፍኩት… ልጅ ነበርኩ… አላወቅሁም…»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ወፍጮውን ተደግፋ እስክታስል ሳቀች።

«አንቺ? አንቺማ የራስሽን እንኳ ሦስት ጊዜ ታግለሽ ነው ያጠፍሽው!»

«ታዲያ ለምን በእኔ ላከክሽ?»

«እኔ ነኝ ብል ወንድሜ በጥፊ አጩሎኝ፣ አሮጊቷን ይቅርታ ጠይቆ፣ በሳምንቱ ይድረኝ ነበር። የሴት ጥጋብ መድኃኒት አለው ይላሉ። ሕፃን ያጠፈውን ቅጠል ግን ማን ደፍሮ ይዘረጋዋል?»

«ከእኔ እንዳትለዪ ብለሽ ነው? ልጅቷ ትቀራለች ስላሉ?»

«ለአንቺ ብዬ!» አለች አፍንጫዋን ነፍታ። «የሰውዬውን ክርን አላየሽም?»

ይህን ብላ ወደ ወፍጮዋ ዞረች። ድንጋዩ ግን ለረጅም ጊዜ አልዞረም።

ሶርናም ያን ዕለት ሌላም ነገር ነገረችኝ። ቤት ውስጥ «እህት የለኝም» ብሎ የማለው፣ ስሟን ባነሳ ሰው ፊት በር የሚዘጋው አባቴ፣ ለሥራ ማዱራይ በተላከ ቁጥር ከዚያ አውቶቡስ ወርዶ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሌላ አራት ምግብ ቤት እያለ።

«ራሳም ሁለት ጊዜ ያስጨምራል» አለችኝ። «እግዚኦ፣ ምን ያለ ሆድ! አንድ ቀን እንኳ ግን ማን ነው የሠራው ብሎ አልጠየቀም። ሰው የማይጠይቀው የሚያውቀውን ነው፣ ልጄ።»

«ቅጠሉንስ?»

«ወደ ራሱ ነዋ። ሁልጊዜም። ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ፣ እንደ ደብዳቤ።»

ጸሐፊ ነበረ እኮ።

ትናንት ታማራይ ወንበሬ ሥር ተቀምጣ ሩዟን ስትበላ ድንገት ቀና አለችና በግራ እጇ አንዲት ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋችልኝ። ወደ ማድ ቤቱ አየሁ፤ ሬኑካ የለችም። ጎረስኩት። ለሰው እንዳታወሩብኝ። ጣዕሙ እንደ ሌላው ሩዝ ነው፤ ግን ስውጠው የዚያን ጧት ሩዝ አስታወሰኝ።

ከሶርናም ቤት በተመለስን በሦስተኛው ሳምንት ነው። አባቴ በመጨረሻ ብልሃቱን አግኝቶት ነበር፤ ዓይኑ የፈዘዘ ሙሽራ። ሰውዬው ግራውንም ቀኙንም አያይም፤ ማየት አልፈልግም ብሎ ቀን ቆርጧል። ሁለተኛ ቅጠል ለማጠፍ የሚሆን ማዕድ አልነበረም።

አባቴ ጓሮ ጉድጓዱ አጠገብ ይታጠባል፤ የባልዲው ድምፅ ይሰማኛል። ቫዲቩ ያደረውን ሩዝ በአሬራ አርሳ፣ ሽንኩርት ጣል አድርጋበት ፊቴ ተቀመጠች። ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። በግራዋ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣችው።

ደነገጥኩ። ወደ በሩ አየሁ። በጓሮው እጅ ልታበላኝ! ስለ ቅጠሉ እየቀጣችኝ ነው አልኩ በልቤ፤ ይገባኛልም ብዬ አፌን ከፈትኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ሳህኑ ነጭ እስኪሆን። እጇ አልተቸኮለም። አንዲት ፍሬ አልጣለችም።

አፌን በልብሷ ጫፍ ጠረገችልኝ። ከሩዙ ጆንያ ኋላ አንድ የተቋጠረ ነገር አወጣች።

«ወንዝ ልትወርጂ ነው?» አልኳት።

አልመለሰችልኝም።

«አክስቴ፣ ተቆጥተሽኛል?»

አልመለሰችልኝም። ያልማረችኝ መሰለኝ፤ ለዓመታትም እንዲያ መሰለኝ። እኩለ ቀን ላይ አባቴ ሁለቱን ትከሻዬን ይዞ እየነቀነቀኝ «ምን አለችሽ? የት እሄዳለሁ አለች? ተናገሪ!» ሲል እኔ ዓይኑን እያየሁ «ምንም አላለችኝም» አልኩት፤ እውነት ነበርና ፈትሾ ፈትሾ ለቀቀኝ። እውነት የሚናገር ልጅ አናት ላይ ኩርኩም አያርፍም። አንድ ጊዜ ውሸት አሸክማኝ ነበር፤ ሁለተኛ እንዳልሸከም ብላ ነው አፏን የዘጋችው። ይህን ለማወቅ ግን አያት መሆን ነበረብኝ።

ከጓሮ የባልዲው ድምፅ ቆመ፤ ደግሞ ጀመረ። ቫዲቩ ጫማዋን ከደጃፉ አንስታ ብብቷ ሥር አደረገች። በግራ እጇ መቀርቀሪያውን ሳበች፤ በሩ እንዳይጮህ በትከሻዋ ደገፍ አደረገችው፤ ዞራ አንዴ ሳህኑን፣ አንዴ እኔን አየች፤ ምንም ሳትናገር ወጣች።